ሆስፒታሉ ስደተኛውን እንዲሰማ፦ ከካርድ ክፍል እስከ መውጫ ወረቀት

«ሐኪሙ አልሰማኝም» የሚል ቅሬታ ወደ ኋላ ሲመረመር፣ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ገና ሳይመጣ ካርድ ክፍል ተሠርቶ ይገኛል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ ተሞልቷል፤ የአባትየው ስም የታካሚው መጠሪያ ሆኗል፤ የልደት ቀኑ ስምንት ዓመት ገደማ ተዛብቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ነርስ፣ ሐኪምና ፋርማሲስት ቢጠነቀቁም ባይጠነቀቁም የሚሠሩት በተሳሳተ ወረቀት ነው። ሆስፒታሎች ግን ስደተኞችን በተመለከተ መጀመሪያ የሚያስቡት ሠራተኛውን ሰብስቦ የሁለት ሰዓት «የባህል ሥልጠና» መስጠት ነው። ሥልጠናው አይጎዳም፤ ግን ማንም ፎርሙን አላረመም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአሜሪካ ሆስፒታል ለሚሠሩ ሐበሻ ነርሶች፣ አስተርጓሚዎችና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች፣ እንዲሁም በሆስፒታሉ የታካሚዎች አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ለተቀመጡ የኮሚዩኒቲ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቹ ከአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች የተወሰዱ ቢሆኑም አሠራሩ ለሶማሊውም፣ ለቬትናሙም፣ ለጓቲማላውም ያገለግላል። ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መብቱን በአንድ ገጽ ያዙ

አስተዳደሩ ፊት ስትቀርቡ «እባካችሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ ርዕስ 6 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳያገል ይከለክላል፤ ቋንቋም በዚሁ ሥር ይታያል። በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ አንቀጽ 1557 ይህንኑ ለጤና ተቋማት በግልጽ ደንግጓል። በ2024 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ደግሞ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ እንዲቀርብ፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዳያስተረጉም፣ በማሽን የተተረጎመ ወሳኝ ጽሑፍም ብቃት ባለው ተርጓሚ እንዲታይ ያዛል።

በመጋቢት 2025 በ2000 ወጥቶ የነበረው የቋንቋ ተደራሽነት የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲሻር «ከእንግዲህ አስተርጓሚ ግዴታ አይደለም» የሚል ወሬ ተናፍሷል። ከላይ ያሉት ሁለቱ ግን ምክር ቤት ያወጣቸው ሕጎች ናቸው፤ በትእዛዝ አይሻሩም። ይህን የሚጠይቅ ኃላፊ አይጠፋምና መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

አውሮፓ ያላችሁ ከ2002 እስከ 2005 በ12 አገሮች 12 ሆስፒታሎች ያካሄዱትን «ለስደተኛ ምቹ ሆስፒታሎች» የተባለ ፕሮጀክትና በ2004 መጨረሻ የወጣውን የአምስተርዳም መግለጫ ጥቀሱ። እስራኤል ያላችሁ የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው የባህልና የቋንቋ ተደራሽነት መመሪያ አላችሁ።

ደረጃ 2፦ ካርድ ክፍሉን አስተካክሉ

ቋንቋ። «እንግሊዝኛ ይችላሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሐበሻ «ትንሽ ትንሽ» ወይም «አዎ» ይላል። ፈተና ይመስለዋል፣ አላውቅም ማለትም ያሳፍረዋል። በመዝገቡ ላይ እንግሊዝኛ ተሞላ ማለት ነው። ጥያቄው እንዲህ ይቀየር፦ «ከሐኪም ጋር ስለ ጤናዎ ሲነጋገሩ በየትኛው ቋንቋ ቢሆን ይመርጣሉ? ወረቀት ለማንበብስ?» ሁለቱ በሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ይሞሉ፤ አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ ግን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ታካሚው ሕፃን ከሆነ የሚሞላው የወላጅ ቋንቋ ነው። ልጁ እዚህ ተወልዶ ይሆናል፤ ሽሮፑን የምትሰጠው ግን እናቱ ናት።

«ኢትዮጵያኛ» የሚባል ቋንቋ የለም፤ መዝገብ ላይ ግን ይገኛል። ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ ይመርጣል ብላችሁ አትገምቱ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ ሊሆን ይችላል፤ ከ2020 እስከ 2022 ከተካሄደው ጦርነት ወዲህ ደግሞ የአስተርጓሚ ቋንቋ በግምት መምረጥ ቁስል መንካት ነው። ቋንቋዎቹ በየራሳቸው ፊደል የተጻፉበትን ካርድ መስኮቱ ላይ አኑሩ፤ ሰውየው በጣቱ ይጠቁም።

ስም። የእኛ ስም የራስ ስምና የአባት ስም ነው። አልማዝ ከበደ የተባለችውን «ሚስስ ከበደ» ብሎ የሚጠራ ነርስ የሚጠራው አባቷን ነው፤ እሷ ከመቀመጫዋ አትነሳም፣ «አልተገኘችም» ተብላ ተራዋ ያልፋል። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይኖራቸዋል፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አባትየውን «የልጁ አባት መሆንዎን ያረጋግጡ» ይለዋል። ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሥላሴ የሚባሉት ስሞች ሲከፈሉ ግማሹ የመሀል ስም ይሆንና ለአንድ ሰው ሁለት ፋይል ይከፈታል። ጸጋዬ የሚለው ስም ደግሞ በፓስፖርቱ በአንድ ዓይነት፣ በመድን ካርዱ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ይመጣል። መፍትሔው፦ ፋይሉ በመድን ካርዱ አጻጻፍ ይከፈት፣ ሌሎቹ አጻጻፎች «ሌላ ስም» በሚለው ቦታ ይግቡ፣ «መጠሪያ» የሚል ማስታወሻም ይጨመርበት፦ «ወ/ሮ አልማዝ ብለው ይጥሩ»።

የልደት ቀን። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ከአገር ቤት የመጣ የክትባት ካርድ ላይ 3/5/2008 ተጽፎ ብታገኙ፣ ጥር 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 12 ቀን 2016። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ግን ማርች 5 ቀን 2008 ብሎ ያስገባዋል። ልጁ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በጎደለው ዕድሜ አረጀ፤ የክብደቱ ሰንጠረዥ «ከፍተኛ የምግብ እጥረት» ይላል። የልደት ቀኑ በትክክል ከፓስፖርቱ ተወስዶ የክትባቱ ቀኖች ብቻ ሳይቀየሩ ሲገቡ ደግሞ፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት የተከተበ ይመስልና ክትባቶቹ በሙሉ ይደገማሉ። ወሩ 13 የሆነ ቀንማ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አይቀበለውም። ካርድ ክፍሉ የቀን መቀየሪያ ገጽ ከፍቶ እንዲያስቀምጥ፣ የተቀየረው ቀን ከዋናው ቀን ጎን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ።

ከዚህ የከፋው ጃንዋሪ 1 ነው። በስደተኛ ካምፕ ያለፉ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው በዚህ ቀን ተመዝግቧል። ነርሷ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ስምና የልደት ቀን ታረጋግጣለች፤ መሐመድ አህመድ፣ ጃንዋሪ 1 የሚል ሰው ግን በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ሊኖር ይችላል፣ ዓመቱም ይገጥማል። ለእነዚህ ፋይሎች ሦስተኛ መለያ ይጨመር፦ ፎቶግራፍ፣ የእናት ስም ወይም የስልክ ቁጥር።

ደረጃ 3፦ አስተርጓሚው

በማሳቹሴትስ በሁለት የሕፃናት ድንገተኛ ክፍሎች ተሠርቶ በ2012 የታተመ ጥናት 57 የስፓኒሽኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን የሕክምና ውይይት ቀድቶ ስህተቶቹን ቆጥሯል። ከስህተቶቹ ውስጥ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው በባለሙያ አስተርጓሚ 12 በመቶ፣ በዘመድ ወይም በአጋጣሚ በተገኘ ሰው 22 በመቶ፣ ያለ አስተርጓሚ 20 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፦ ያልሠለጠነ ሰው ከምንም አልተሻለም። 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠለጠኑት ከሠሩት ስህተት ውስጥ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ደግሞ 2 በመቶ ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ «ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሠራተኛ አለን» ሲል የምትጠይቁት የሥልጠናውን ሰዓት ነው፤ 40 ሰዓት ዝቅተኛው መነሻ ነው። ፓርኪንግ የሚሠራውን ወንድማችንን ከሥራው ጠርቶ ስለ ካንሰር እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁሉም ግፍ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን፦

1. ቀጠሮው በእጥፍ ይያዝ፤ 20 ደቂቃ የነበረው 40 ይሁን። እጥፍ ያልተያዘበት ቀን አስተርጓሚው ማሳጠር ይጀምራል፣ ሲያሳጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው የታካሚውን ጥያቄ ነው።
2. ወደ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት ሐኪሙና አስተርጓሚው 2 ደቂቃ ይነጋገሩ፦ ዛሬ የሚነገረው ምንድን ነው? መጥፎ ዜና አለ? የአካል ምርመራ አለ?
3. አስተርጓሚው ከታካሚው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጥ። ሐኪሙ የሚያየው ታካሚውን ነው፤ የሚናገረውም «እርስዎ» እያለ እንጂ «ጠይቃቸው» እያለ አይደለም።
4. ሐኪሙ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ ያቁም።
5. ታካሚው ለደቂቃ ተናግሮ «አይ ብሏል» የሚል ትርጉም ከመጣ ሐኪሙ ያስቁም፦ «ያሉትን ሁሉ ንገረኝ»።

ስልክ፣ ቪዲዮ ወይስ በአካል? ለአጭር ነገር፣ ለቀጠሮና ለመድኃኒት ማደሻ ስልክ ይበቃል። ለስምምነት ፊርማ፣ ለመጥፎ ዜና፣ ለአእምሮ ሕመም፣ መስማት ለደከማቸው ሽማግሌዎች በአካል ይሻላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ኮሚዩኒቲው ትንሽ ነው። ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአካል የሚመጣው አስተርጓሚ የታካሚዋ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የእድሯ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ኤችአይቪ፣ ውርጃ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ሲሆን ከሌላ ግዛት በስልክ የሚገባ፣ ስሙን ሳይሆን የመለያ ቁጥሩን ብቻ የሚናገር አስተርጓሚ ምረጡላት፤ ሴት እንዲሆን ትፈልግ እንደሆነም ጠይቋት። ታካሚዋ ሰው አይታ ዝም ካለች ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያውን ራሳችሁ ፈትሹ። ሁለት እጀታ ያለው ስልክ በየክፍሉ አለ ወይስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል? የቪዲዮው ጋሪ ባትሪ ሌሊት ይሞላል? የመደወያው ኮድ ከአልጋው በላይ ተለጥፏል? የሌሊት ነርስ ኮዱን ፍለጋ 15 ደቂቃ ካጠፋች በሚቀጥለው ጊዜ አትፈልገውም፤ በምልክት ታወራለች።

ቃላቶቹ የሚያሳስቱበት ቦታ

አስተርጓሚም ሆናችሁ ነርስ ይህን ዝርዝር በክፍላችሁ ለጥፉት። ለአማርኛ ያልሠራ ክፍል ለራሱ ታካሚዎች ቋንቋ የራሱን ዝርዝር ያዘጋጅ።

ነቀርሳ፦ ካንሰርም ነቀርሳ ይባላል፣ የሳንባ ነቀርሳ ሲሆን ግን ቲቢ ነው። ታካሚው «አባቴ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ» ሲል አስተርጓሚው የሳንባ ካንሰር ብሎ ካቀረበው የቲቢ ምርመራው ይቀራል። በግልባጩ ሲሆንም የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው የስድስት ወር ኪኒን ወስዶ የሚድን ይመስለዋል። ቲቢ ወይም ካንሰር ብላችሁ ቁርጡን ተናገሩ።

ፖዘቲቭ፦ ለእኛ ሰው ይህ ቃል ኤችአይቪ ማለት ነው። «የጨጓራ ባክቴሪያው ምርመራ ፖዘቲቭ ነው» የሚባለው ታካሚ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን አይሰማም። «ባክቴሪያው ተገኝቷል» በሉ።

ልቤን፦ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚሉ እናት ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ከደረት በታች ያለውን ነው፤ ቃር ወይም ጨጓራ ሊሆን ይችላል። ልብም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አስተርጓሚው በራሱ አይወስን፦ «በእጅዎ ያሳዩኝ» ተብለው ይጠየቁ። «ኩላሊቴን» የሚለውም ብዙውን ጊዜ ወገብ ነው።

ደም ብዛት፦ ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ ደም የበዛ፣ ከተቀነሰ የሚሻል ይመስላል። «ሲነሳብኝ እውጣለሁ» የሚል ታካሚ ኪኒኑን ራስ ምታት ባለበት ቀን ብቻ ይወስዳል። «ግፊቱ ምልክት ሳይሰጥም ይጎዳል፤ ኪኒኑ ደህና በሆኑበትም ቀን ነው» ይባል።

ጾም፦ «ለቀዶ ሕክምናው ጾመው ይምጡ» ከተባለ ሽሮ በልቶ የሚመጣ ሰው አለ፤ የጾም ምግብ ነውና አልዋሸም። በሰመመን ሰጪዎች የተለመደው ደንብ ቀላል ምግብን ከ6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ፈሳሽን ከ2 ሰዓት በፊት ማቆም ነው፤ ሆስፒታላችሁ የያዘውን ተከትላችሁ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እህል የሚባል ነገር አይቅመሱ፣ ቡና በወተት የለም፣ ውሃ እስከዚህ ሰዓት» ብላችሁ ዘርዝሩ።

ከቃል ውጭም አንድ አለ። ብዙዎቻችን «አዎ» የምንለው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ነው። ይህን ያላየ ነርስ ታካሚው ደነገጠ ወይም ትንፋሽ አጠረው ብሎ ይጽፋል።

ደረጃ 4፦ ሰዓት፣ መለኪያና ወረቀት

«ነገ በሦስት ሰዓት» ማለት ለእኛ ጠዋት ነው፤ ለአሜሪካዊው ከሰዓት በኋላ። የቀጠሮ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ጠዋት 3፡00 ሰዓት፤ ስልክዎ ላይ 9፡00 ይላል»። ከመድኃኒት ጋር ሲሆን አደጋው ይጨምራል፤ «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን «8 ሰዓት ሲሆን» ብሎ የሚሰማ አለ፣ ያም በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይሆናል። ቁጥሩን ትታችሁ ከቀኑ ውሎ ጋር እሰሩት፦ ከቁርስ በኋላ፣ ከሰዓት ከምሳ በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ፤ ከጎኑ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል።

ማንኪያ አትበሉ። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ነው፤ ለሕፃን የሦስት እጥፍ ልዩነት ነው። ሲሪንጅ ስጡ፣ መስመሩን በቀለም አስምሩበት፣ እናቲቱ በውሃ ሞክራ ታሳያችሁ። «ትኩሳቱ ከ100.4 ካለፈ ይደውሉ» የተባለች እናት ቤቷ ያለው ቴርሞሜትር 38 ብቻ ሊያሳያት ይችላል፤ ያው ነው፤ ሁለቱም ይጻፉ።

ትርጉሙን በነጻ ማሽን አስተርጉሞ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ የሚሠራው። በእንግሊዝኛ ከሆስፒታል መውጣትና ከሰውነት የሚወጣ ፈሳሽ አንድ ቃል ናቸው፤ ታካሚና ትዕግሥተኛም እንዲሁ። «የፈሳሽ መመሪያ ለትዕግሥተኞች» የሚል ወረቀት ያገኘ ሰው ስቆ ይጥለዋል። የተረጎመውን ሰው ጽሑፍ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያንብበው። አድራሻው «እርስዎ» ይሁን፤ «አንተ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የ70 ዓመት አዛውንትን ያስቀይማል፣ ሴቶችንም ያስቀራል። ፊደሉ ከ14 ነጥብ አይነስ። ብዙ የሆስፒታልና የፋርማሲ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ባዶ ሳጥን ደርድረው ያትማሉ፤ ፊደሉ በውስጡ የታቀፈ ፒዲኤፍ አዘጋጁና በእርግጥም በዚያ ክፍል አታሚ ላይ አትማችሁ እዩት። ለማያነቡት የድምፅ ቅጂ ይዘጋጅ። ከባዶ አትጀምሩ፦ ሲያትል የሚገኘው የሃርበርቪው ሕክምና ማዕከል በ1994 የጀመረው ኤትኖሜድ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የታካሚ ጽሑፎችን በነጻ አውጥቷል።

ደረጃ 5፦ ጾም፣ ጸበልና ምግብ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ፤ ሌሎቹም አሉ። ስኳር ያለበት ጿሚ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ድረስ ምንም ሳይቀምስ ይቆይና የጠዋቱን ኢንሱሊን ግን ሊወጋ ይችላል፤ የስኳር መውረድ የሚመጣው እዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ኪኒን በውሃ መዋጥ ጾም ያስገድፋል ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ሐኪም ፊት አይነገሩም፤ የሚያፍሩ ወይም የሚገሠጹ ስለሚመስላቸው። ጥያቄው «ይጾማሉ?» ብቻ ሳይሆን «ሲጾሙ የመጀመሪያውን እህል በስንት ሰዓት ይቀምሳሉ? መድኃኒቱንስ እንዴት ያደርጉታል?» ይሁን። ከዚያ ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክላል። የታመመ ከጾም እንደሚፈታ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ያስተምራሉ፤ ግን ይህን ከነርስ ከመስማት ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም መስማት ይሻላልና ታካሚው ፈቃደኛ ከሆነ ያማክራቸው።

የሆስፒታሉ ወጥ ቤት «አትክልት ብቻ» የሚለው ትሪ እንቁላልና አይብ ይዞ ይመጣል። ትእዛዙ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት» ተብሎ ይጻፍ። የምግብ ባለሙያዋ «ዳቦ ይቀንሱ» ስትል እንጀራ ካልጠቀሰች ታካሚው ዳቦውን ትቶ እንጀራውን ይጨምራል። ከአንድ ትሪ በጋራ የሚበላ ሰው መጠኑን አያውቅም፤ ድርሻው ተቆርጦ በተለየ ሳህን እንዲቀርብለት ለቤተሰቡ ንገሩ።

ጸበል ትልቁ ዝምታ ነው። «ይከለክሉኛል» ብሎ የሚያስብ ታካሚ መድኃኒቱን አቁሞ ጸበል ይጀምራል፣ ለሐኪሙም አይነግርም። በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ለሚጠራጠር ታካሚ ይህን ማንሳት ከሐኪም ምክር በላይ ይሠራል። የኩላሊት እጥበት ወይም የልብ ድካም ላለበት ግን የሚጠጣው ሊትር ከቀኑ የፈሳሽ መጠን ውስጥ ይቆጠር። ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ሊትር ጸበል የሚጠጣ ሰው ለምን እግሩ እንዳበጠ ላቦራቶሪ አይነግራችሁም።

ደረጃ 6፦ ሰውነቱን በትክክል ማንበብ

የጣት ኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል። በ2020 በታተመ የአሜሪካ ጥናት መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ ደማቸው ውስጥ ያለው ግን ከ88 በታች የነበረ ጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ ነጮች 3.6 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ 93 ሆኖ ታካሚው የሚያለከልክ ከሆነ ሰውየውን እመኑ፣ ከደም ቅዳ ቧንቧ (አርተሪ) በተቀዳ ደም ይለካ። መገርጣትና ቢጫነት በዓይን ሽፋን ውስጥና በመዳፍ ይታዩ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ዳፊ የሚባለው የቀይ ደም ሴል ምልክት የላቸውም፤ ከዚህ የተነሳ የነጭ ደም ሴል ቁጥራቸው ጤነኛ ሆነው ሳለ ዝቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ክፍል ጤነኛ ሰው ለካንሰር ምርመራ ይልካል ወይም የኬሞ መጠን ይቀንሳል። በልጅነት ቢሲጂ የተከተበ ሰው በቆዳ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ሊያሳስተው ስለሚችል የደም ምርመራው ይመረጣል። ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ይመርመር፤ ሳይታከም ስቴሮይድ ከተጀመረ ሊገድል ይችላል።

ደረጃ 7፦ ስምምነት፣ መርዶና ጠያቂ

በአገራችን ከባድ ሕመም መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ታካሚው ቀስ ብሎ ይሰማል። እዚህ ሐኪሙ ከታካሚው ይጀምራል። ልጆቹ አስተርጓሚውን ኮሪደር ላይ ይዘው «እንዳትነግሪው» ይሏታል። ይህ እንዳይሆን ገና በገባ ቀን፣ ውጤት ሳይመጣ፣ ታካሚው ብቻውን ይጠየቅ፦ «አንዳንድ ሰው ስለ ሕመሙ ሁሉን ራሱ መስማት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ልጁ ወይም ወንድሙ ቢሰማለት ይመርጣል። እርስዎስ?» መልሱ በመዝገብ ይጻፍ። ሁሉም ሐበሻ መደበቅ ይፈልጋል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው መጠየቅ ያለበት።

ጠያቂ ይበዛል። የሰፈሩ ሰው፣ የማኅበሩ ሰው፣ የአክስት ልጅ ሁሉ ይመጣል፣ ካልመጣ ይቀየማል። ነርሷ ለሁሉም መልስ መስጠት አትችልም። አንድ ተጠሪ ይመረጥ፣ ስልኩ በመዝገቡ ይግባ፣ ሌላው ከእሱ ይስማ። ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚገቡበት ሥርዓት «ይህ ክልከላ ነው» ሳይሆን «ታካሚው እንዲያርፍ ነው» ተብሎ በአማርኛ በር ላይ ይለጠፍ።

ደም ሲቀዳ ለምን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ ተናገሩ። በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ሲጣል እንደነበር በ1996 ሲታወቅ ብዙ ሺህ ሰው አደባባይ ወጥቷል፤ ስለ ደም ያለው ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1998 የተጀመረው ጤና ብሪዑት የተባለው የስኳር ሕመም ፕሮጀክት ስሙም አሠራሩም ከዚያ ይማራል፦ ስሙ «ጤና»ን በአማርኛና በዕብራይስጥ ደግሞ ይላል፤ ሥራውም በኮሚዩኒቲው ሰው አሸጋጋሪነት ይሄዳል።

ደረጃ 8፦ መውጫው

«ገባዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ይሉኝታ ነው፤ አልገባኝም ማለት ሐኪሙን ማስቀየም ይመስላል። ጥያቄው ይገልበጥ፦ «ቤት ሲደርሱ ልጅዎ ምን ተባልሽ ቢሉዎ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል? ይህችን ኪኒን መቼ ይወስዳሉ? ምን ሲሰማዎ ይደውላሉ?» ሦስቱን በራሳቸው አፍ እስኪመልሱ ድረስ አልወጡም። ይህ በአስተርጓሚ ይሁን፤ ሊወስዳቸው በመጣው የ14 ዓመት ልጅ ልጃቸው አይሁን። የሚደውሉበት ቁጥርም አማርኛ መስማት አለበት፤ በእንግሊዝኛ «1ን ይጫኑ» የሚል ማሽን ከሆነ አይደውሉም፣ ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመለሳሉ።

ደረጃ 9፦ ቁጠሩ

በየወሩ ቋንቋቸው ከእንግሊዝኛ ውጭ የሆኑ 20 ፋይሎችን በዕጣ አውጡና ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ፈልጉ፦ ሲገቡ፣ ሲፈርሙ፣ ሲወጡ የአስተርጓሚው መለያ ቁጥር ተጽፏል? በ20 ፋይል 60 ቦታ አለ፤ ስንቱ ተሞልቷል የሚለውን ቁጥር ለኃላፊው ስጡ። በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የተኙትን በቋንቋ ከፋፍላችሁ አወዳድሩ። አስተርጓሚ እስኪመጣ ያለውን ደቂቃ ለየብቻ፣ በተለይ ለሌሊቱ ፈረቃ፣ መዝግቡ።

ከወረቀቱ ውጭ ደግሞ አንድ ፈተና በዓመት ሁለት ጊዜ አድርጉ። ማክሰኞ ጠዋትና እሑድ ሌሊት አንድ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ወደ ሆስፒታሉ ዋና ቁጥር ይደውል፤ «ቀጠሮ መቀየር እፈልጋለሁ» ይበል እንጂ ሌላ አይጨምር። አስተርጓሚ እስኪገባ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ስንት ጊዜ እንደተላለፈ፣ ስልኩም ተዘግቶበት እንደሆነ ይጻፍ። ሲዘጋበት ከማን ጠረጴዛ ላይ እንደተዘጋ የስልክ ክፍሉ ያውቃል።